የስፖርት መኪና ሞላና ሾክ አመራረጥ ለደሴና ለኮምቦልቻ መንገድ፦ ስንት ሚሊ ሜትር ዝቅ፣ ከየትኛው ሾክ ጋር

ዝቅ ያለ ስፖርት መኪና ያምራል። ክብደቱ ወደ መሬት ሲቀርብ ኩርባ ላይ ማጋደሉ ይቀንሳል፣ መሪው ሲዞርም አፍንጫው ቶሎ ይከተላል። ስለዚህ ሞላ መቀየር ያማረውን ሰው ተው ለማለት አልተነሳንም። ሻጭ ግን የሚነግራችሁ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ «30 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያደርጋል»። ውሳኔውን የሚወስነው ሳይነገር የሚቀረው ቁጥር ነው፤ መኪናው 30 ሚሊ ሜትር ከወረደ በኋላ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ላይ የሚሸሽበት ስንት ሚሊ ሜትር ይተርፈዋል?

ይህ ጥያቄ በእኛ አካባቢ ከሌላው ቦታ የበለጠ ይከብዳል። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም በከፍታ 600 ሜትር ያህል ይለያያሉ። በሁለቱ መሃል ባለው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ መኪናው ኩርባ እየዞረ ፍሬን ይይዛል፤ ያኔ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የፊት ሞላዎች ጉብታ ሳይነካቸው አስቀድመው ተጨምቀዋል። እዚያው ላይ ጉድጓድ ሲጨመር የቀረው ቦታ በቅጽበት ያልቃል። ከተማ ውስጥ ደግሞ ኮብልስቶን፣ የውሃ መውረጃ ማቋረጫና ሰፈርተኛው በሲሚንቶ የሠራው የፍጥነት መቀነሻ አለ። ኮምቦልቻ ላይ ከባድ መኪና የሚበዛበት አስፋልት በጎማ መስመር ይጎደጉዳል።

ከመግዛት በፊት የሚለኩ ነገሮች

መጀመሪያ የሾኩ ቀሪ ጉዞ። በሾኩ ዘንግ ላይ፣ ከላይ በኩል፣ የምት ማቆሚያ ጎሚኒ አለ። ጎማው ወደ ላይ ሲሸሽ የሾኩ አካል ወደዚህ ጎሚኒ ይጠጋል፤ ሲገናኙ ነፃው ጉዞ አለቀ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ምት ወደ ቦዲው ነው። ለመለካት የአቧራ መከላከያ ጎማውን ወደ ላይ ሰብስቡና በዘንጉ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ወደ ታች ገፍታችሁ የሾኩ አካል አናት ላይ አስቀምጡት። ከዚያ የምታዘወትሩትን መንገድ፣ ከምትጭኑት ሰው ጋር፣ በተለመደው ፍጥነታችሁ ንዱ። ስትመለሱ ማሰሪያው ከሾኩ አካል አናት የራቀው ያህል የተጠቀማችሁበት ጉዞ ነው፤ ከማሰሪያው እስከ ጎሚኒው ያለው የተረፋችሁ ነው። የተረፈው 15 ሚ.ሜ ከሆነ 30 ሚ.ሜ ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ገዝታችሁ ዘወትር ጎሚኒ ላይ እንደምትነዱ አሁኑኑ እወቁ። ማሰሪያው ጎሚኒው ድረስ ተገፍቶ ከተገኘ ደግሞ መኪናው በኦሪጅናል ሞላው እንኳ ጉዞውን ጨርሷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሾኩ ስላለቀ ነው።

«ሞላው ጠንካራ ስለሆነ ያን ያህል አይጨመቅም» የሚል መልስ ትሰማላችሁ። በስሌት እንየው። የሞላው ጥንካሬ ጎማው ላይ ሲለካ 25 ኒውተን በሚሊ ሜትር (አንድ ሚሊ ሜትር ለመጭመቅ 25 ኒውተን ኃይል ይጠይቃል ማለት ነው)፣ ነፃው ጉዞ 70 ሚ.ሜ ነው እንበል። ሞላ የሚውጠው የምት ጉልበት ከጥንካሬው ጋር በቀጥታ፣ ከጉዞው ጋር ግን በካሬው ይሄዳል። ሾኩ የሚወስደውን ትተን ብናሰላ፣ ጉዞው ከ70 ወደ 50 ሲወርድ ያንኑ ምት ለመቻል ሞላው ወደ 49 ኒውተን መጠንከር አለበት፤ ሁለት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ጉዞው በግማሽ ተቀንሶ 35 ሲሆን የሚያስፈልገው አራት እጥፍ፣ 100 ኒውተን ነው። ገበያ ላይ ያለ ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ብዙውን ጊዜ ከኦሪጅናሉ በ20 ወይም በ30 በመቶ ቢጠነክር ነው። የጎደለውን የሚሸከመው ጎሚኒው፣ የሾኩ አናት መያዣውና ቸርኬው ነው። ቸርኬ የሚጣመመው፣ የሾኩ አናት መቀመጫ ብረት የሚሰነጠቀው ከዚህ የተነሳ ነው።

ሁለተኛው ከመሬት ያለው ከፍታ ነው። መኪናው ነዳጅ ሞልቶ፣ ሰው ተሳፍሮበት ይለካ። ዝቅተኛውን ነጥብ ፈልጉ፤ የሞተሩ የዘይት ኮፓ፣ የማርሚታው መገጣጠሚያ ወይም የፊት መከላከያው ታችኛ ከንፈር ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ከቤታችሁ እስከ ዋናው አስፋልት ያለውን ረጅሙን ጉብታ ለኩ። ጉብታው 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነና ከተጫነው መኪናችሁ ሥር የሚቀረው 11 ከሆነ ቀስ ብላችሁ ታልፋላችሁ፤ ከዚያ በታች ግን አንመክርም። ለምሳሌ ቶዮታ 86 ከፋብሪካ ሲወጣም ከ12 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ያለው። እዚያ ላይ ሌላ 3 ሴንቲ ሜትር መቀነስ ለደሴ ውስጥ ሰፈሮች የሚሆን አይደለም።

ሦስተኛው ጥንካሬ ነው፤ እዚህ ላይ ለሞላ የተጻፈው ቁጥርና ጎማው ላይ የሚሰማው ቁጥር ይለያያሉ። በማክፈርሰን አሠራር፣ ማለትም ሞላና ሾክ አንድ ላይ ቆመው መሪውን በሚሸከሙበት፣ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ሞላው ክንድ ላይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከተቀመጠ ግን ጎማው 10 ሲንቀሳቀስ ሞላው 7 ብቻ ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ያኔ 50 ኒውተን የተባለው ሞላ ጎማው ላይ 24.5 ነው፣ ምክንያቱም 0.7 ሁለት ጊዜ ይባዛል። ስለዚህ የፊትና የኋላ ሞላን በቁጥር ብቻ አታወዳድሩ።

ያለ ወረቀት የመጣ ሞላ ካጋጠማችሁ፣ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ የሚላክ ያገለገለ ዕቃ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፣ ራሳችሁ አስሉት። የሽቦውን ውፍረት በካሊፐር ለኩ። የጥቅልሉን ስፋት ከሽቦው መሃል እስከ ሽቦው መሃል ውሰዱ። መቀመጫ ላይ የሚያርፉትን ጫፎች ትታችሁ የሚሠሩትን ጥቅልሎች ቁጠሩ። ውፍረቱን በአራተኛ ብዜት ውሰዱና (ውፍረት × ውፍረት × ውፍረት × ውፍረት) በ79,000 አባዙት፤ ከዚያ ለስፋቱ ሦስተኛ ብዜት (ስፋት × ስፋት × ስፋት)፣ ለጥቅልሉ ቁጥርና ለ8 ብዜት አካፍሉት። 12 ሚ.ሜ ሽቦ፣ 120 ሚ.ሜ ስፋትና 6 ጥቅልል ወደ 20 ኒውተን በሚሊ ሜትር ይሰጣል። ሽቦው 13 ሚ.ሜ ቢሆን 27 ይደርሳል። በዓይን የማይለይ አንድ ሚሊ ሜትር 38 በመቶ ጥንካሬ ይጨምራል። ግራና ቀኝ ከተለያዩ መኪኖች የተነቀሉ «አንድ ዓይነት» ሞላዎችን የምንጠረጥረው ለዚህ ነው።

አራተኛው ከዝቅታው በኋላ አላይመንቱ፣ ማለትም የጎማዎቹ አቅጣጫና ማጋደል፣ ወደ ልኩ ይመለሳል ወይ የሚለው ነው፤ ይህ በመኪናው ይወሰናል። ማክፈርሰን ያለው የፊት እግር 25 ወይም 30 ሚ.ሜ ሲወርድ ጎማው አናቱን ወደ ውስጥ ከግማሽ እስከ አንድ ዲግሪ ያጋድላል፤ ይህ ማጋደል ካምበር ይባላል። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 በአራቱም እግር ማስተካከያ ብሎን ስላለው አይቸግርም። ቢኤምደብሊው ኢ46 የኋላው ይስተካከላል፤ የፊቱን ካምበር ለማስተካከል ግን ፋብሪካው ያን ያህል ቦታ አልተወም። ቶዮታ 86 ከኋላ የቶ (የጎማው ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞር) ማስተካከያ አለው፣ ካምበር የለውም፤ ብዙ ዝቅ ካደረጋችሁት የሚስተካከል የታችኛ ክንድ መግዛት ይከተላል። ጎልፍ 4ን የመሰለ፣ የኋላ እግሮቹ በአንድ ወጥ ብረት የተያያዙ መኪና ከኋላ የሚስተካከል ነገር የለውም፤ ደግነቱ ሲወርድም እምብዛም አይዛነፍም።

ጎማ የሚበላው ከካምበር ይልቅ ቶ ነው። ስድሳ ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ባለው ጎማ ላይ የሁለቱ ጎማ ድምር ቶ 3 ሚ.ሜ ቢዛነፍ እያንዳንዱ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር 2.5 ሜትር ወደ ጎን ይፋቃል። ደሴ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ ሲሆን 125 ሜትር በጎን እንደተጎተተ ቁጠሩት።

አምስተኛውና የመጨረሻው ቀላል ነው፤ ሥራው ቢያስጸጽት መመለስ ይቻላል ወይ? ኦሪጅናሉን ሞላ፣ ጎሚኒውንና አናት መያዣውን ዘይት ቀብታችሁ በካርቶን አስቀምጡ። መኪናውን የሚገዛችሁ ሰው ይፈልገዋል።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

ኦሪጅናል ሞላ ከአዲስ ሾክ ጋር። በእኛ እምነት ከአስር ዓመት በላይ ያገለገለ ስፖርት መኪና ያለው ሰው መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። «መኪናዬ ኩርባ ላይ ይዋኛል፣ ዝቅ ላድርገው» ከሚሉት ብዙዎቹ ችግራቸው ከፍታ ሳይሆን ያለቀ ሾክ ነው። ያለቀ ሾክ ዘይት ማፍሰሱ አንድ ምልክት ነው፤ የማያፈስም ግን ሊያልቅ ይችላል። ፈትታችሁ ዘንጉን በእጅ ስትጫኑት እኩል ተቃውሞ ካልሰጠና መሃል ላይ ባዶ ቦታ ካለው ጨርሷል። ስትገዙ ግራና ቀኙን ጥንድ ግዙ፤ ሁለቱን አቁማችሁ እኩል ስትጫኑ አንደኛው ቀድሞ ከወረደ አትውሰዱት፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም ምንም ቢሆን። በጋዝ የሚሠራ ሾክ ከተጫናችሁት በኋላ ራሱ ቀስ ብሎ ይወጣል።

አብረው መቀየር ያለባቸው ዕቃዎች ርካሽ ናቸው፤ የምት ማቆሚያ ጎሚኒ፣ የአቧራ መከላከያ፣ የሾክ አናት መያዣና በውስጡ ያለው ኩሽኔታ። መሪ ሲዞር ከፊት «ቷ» የሚል የሞላ ድምፅ ካለ ያ ኩሽኔታ ነው። እነዚህን ትቶ ሾክ ብቻ መቀየር ያንኑ ሥራ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው፤ ለመድረስ የሚፈታው አንድ ዓይነት ስለሆነ።

ኦሪጅናል ከፍታ ላይ ወፍራም ስታብላይዘር ባር። ሰዎች የሚዘነጉት፣ ለሐረጎ ኩርባ ግን በጣም የሚስማማ መንገድ ነው። ስታብላይዘሩ ሁለቱን ጎማ ስለሚያያይዝ መኪናው ሲያጋድል ብቻ ይሠራል፤ ሁለቱ ጎማ አብረው ጉብታ ሲወጡ አይገባበትም። ጥንካሬው ከውፍረቱ ጋር በአራተኛ ብዜት ስለሚያድግ ከ20 ወደ 22 ሚ.ሜ መወፈር 46 በመቶ ይጨምራል። ማጋደሉ ይቀንሳል፣ ከፍታው ይቆያል። ጉድለቱ አንድ እግር ብቻ ጉድጓድ ሲገባ ምቱ ወደ ሌላውም መሻገሩ ነው፤ ኮብልስቶን ላይ መኪናው ራሱን የመነቅነቅ ያህል ይሰማል። የኋላውን ብቻ ማወፈር ደግሞ በዝናብ ጊዜ ኋላውን ያሸሻል። የኋላ እግር ነጂ መኪና ላላችሁ፣ በክረምት የደሴን ጭጋግና እርጥብ አስፋልት አስቡና መጀመሪያ የፊቱን፣ ወይም ሁለቱን በልክ አድርጉ። የስታብላይዘሩ ማያያዣ ዘንጎች አርጅተው ከሆነ አብረው ይለወጡ፤ ባሩ ሲወፍር የሚሸከሙት ይጨምራል።

ከ15 እስከ 25 ሚ.ሜ ዝቅ የሚያደርግ ሞላ በኦሪጅናል ዓይነት ሾክ። ሞላ በ30 በመቶ ሲጠነክር ሾኩ መጨመር ያለበት ተቃውሞ 14 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ አዲስ ወይም ጤነኛ ኦሪጅናል ሾክ ይህን ይችላል። ያረጀ ግን አይችልም። አሮጌ ሾክ ላይ አዲስ ሞላ መግጠም በዚህ ሁሉ ውስጥ በብዛት የሚፈጸም ስህተት ነው፤ መኪናው ለጥቂት ወር ያምርና ከዚያ ከእያንዳንዱ ጉብታ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ መዝለል ይጀምራል።

እንዲህ ያሉ ሞላዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከዳር እስከ ዳር እኩል የተጠቀለለና ጥንካሬው የማይለወጥ ነው። ሌላው በአንድ ጫፍ ጥቅልሎቹ የተቀራረቡ ሆኖ ሲጨመቅ እየጠነከረ የሚሄድ ነው። ኦሪጅናል ሾክ ለሚተው ሰው ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ ኮብልስቶን ላይ ለስላሳ ሆኖ ጉድጓድ ሲመጣ ይጠነክራል። ጥሩ ሾክ ለሚገዛ ግን እኩል የተጠቀለለው የተሻለ ነው፤ ኩርባ መሃል ጉብታ ሲነካችሁ የመኪናው ጠባይ ድንገት አይለወጥም።

ምት ማቆሚያ ጎሚኒውን በተመለከተ አንዳንድ አምራች ከሞላው ጋር አጭሩን ይልካል፣ ወይም ኦሪጅናሉን በምልክቱ ላይ ቁረጡ ይላል። መመሪያው ካለ ተከተሉ። ከሌለ በግምት አትቁረጡ፣ ጨርሶ ማውጣት ደግሞ በፍጹም አይሆንም፤ ያለ ጎሚኒ ሾኩ በውስጡ ያለውን ቫልቭ ከሥሩ ጋር ያጋጫል።

ሞላና አጭር ሾክ አብረው የተሠሩበት ኪት፣ ከ25 እስከ 35 ሚ.ሜ። እዚህ የሾኩ አካል ራሱ ስላጠረ የጠፋው ወደ ላይ የሚሸሸው ጉዞ በከፊል ይመለሳል፤ የሚቀነሰው ጎማው ወደ ታች የሚንጠለጠልበት ነው። ቅንጅቱ በፋብሪካ የተሠራ ስለሆነ ግምት አይጠይቅም። ቀጣዩ ገደብ ግን ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር መገናኘቱ ነው። ሾኩ ቢፈቅድም ሰፊ ቸርኬ የገጠመ መኪና ሰው ሲጫንበት ላስቲኩን ይቆርጣል። ከመግዛት በፊት መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ በላስቲኩና በፓራፋንጎው መሃል ያለውን ክፍተት ለኩ። 35 ሚ.ሜውን የምንመክረው ኮምቦልቻ ውስጥ ለሚኖርና በብዛት በዋናው አስፋልት ለሚነዳ፣ ደሴ ውስጥ ዳገት ሰፈር ለማይገባ ሰው ነው።

ኮይልኦቨር። ሞላና ሾክ በአንድ አካል ላይ ሆነው ከፍታው በጥርስ ቀለበት የሚስተካከልበት ነው። ሲገዙ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ከፍታው የሚስተካከለው የሞላውን መቀመጫ በማውረድ ነው ወይስ የሾኩን የታችኛ እግር በማሳጠር? የመጀመሪያው ዝቅ ባላችሁ ቁጥር የሾክ ጉዞ ይበላል። ሁለተኛው ጉዞውን ሳይነካ ያወርዳል፣ ዋጋውም ይበልጣል። ለእኛ መንገድ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው። ጥሩው ነገር ለክረምት ከፍ፣ ለበጋ ዝቅ ማድረግ መቻሉ ነው፤ ሆኖም ከፍታ በተነካ ቁጥር አላይመንት መታየት አለበት፣ ይህን ብዙዎች አያስቡትም።

የሚበላሸውም የታወቀ ነው። ጭቃና ውሃ ጥርሱ ውስጥ ገብቶ ቀለበቱን ያጣብቀዋል፤ ከክረምት በፊት ጥርሱን በብሩሽ አጽድቶ ግራሶ መቀባትና በጨርቅ ወይም በጎማ ሽፋን መጠቅለል ይረዳል። የአናት መያዣው ጎማ የሌለው ባዶ ብረት ኩሽኔታ ከሆነ በኮብልስቶን አቧራ ቶሎ ይላላና መንኳኳት ይጀምራል፤ ጎማ ያለውን ምረጡ። ዘይት ሲያፈስ ደግሞ ፈትቶ የሚያድሰው ባለሙያ ከከተማ ውጭ መፈለግ ሊያስፈልግ ይችላል፤ መለዋወጫ ማኅተሙ ለብቻው የሚሸጥ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

የተቆረጠ ወይም በእሳት የተሞቀ ሞላ። ርካሽ ስለሆነ ይሞከራል። ስድስት ጥቅልል ካለው ሞላ አንዱን ስትቆርጡ ጥንካሬው የሚጨምረው 20 በመቶ ብቻ ነው፤ መኪናው ግን ያ ጥንካሬ ከሚችለው በላይ ይወርዳል። የተቆረጠው ጫፍ ጠፍጣፋ ስላልሆነ መቀመጫው ላይ አይቀመጥም። ይበልጥ አደገኛው እግሩ ሲንጠለጠል ሞላው ልቅ መሆኑ ነው፤ ኩርባ ላይ የውስጡ ጎማ ሲቀል ሞላው ከቦታው ዘሎ ጠማማ ሆኖ ይመለሳል። በእሳት የተሞቀው ደግሞ ብረቱ ፋብሪካ የሰጠውን ጠባይ ያጣል፤ እየሰመጠ ይሄዳል ወይም ይሰበራል። ሐረጎን በዚህ መውረድ የራስን ብቻ ሳይሆን ከፊት የሚመጣውንም ሰው ሕይወት አሳልፎ መስጠት ነው። በነፃ ቢሰጣችሁ እንኳ እምቢ በሉ።

ሰንጠረዥ

ነፃው ጉዞ 70 ሚ.ሜ ከነበረው መኪና ተነስቶ የተሠራ ነው፤ የራሳችሁን ልኬት ተክታችሁ አንብቡት።

| አማራጭ | ዝቅታ | የሚተርፍ ጉዞ | አብሮ የሚቀየር | ወጪ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| ኦሪጅናል ሞላ፣ አዲስ ሾክ | 0 | 70 ሚ.ሜ | ጎሚኒ፣ አናት መያዣ፣ ኩሽኔታ | ዝቅተኛ | ደሴ ውስጥ በየቀኑ ለሚነዳ |
| ወፍራም ስታብላይዘር | 0 | 70 ሚ.ሜ | ማያያዣ ዘንግ፣ የባሩ ጎሚኒ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ማጋደል ለሚያስቸግረው |
| ቀላል ዝቅታ ሞላ | 15–25 ሚ.ሜ | 45–55 ሚ.ሜ | ጤነኛ ሾክ፣ ተስማሚ ጎሚኒ፣ አላይመንት | መካከለኛ | ደሴ–ኮምቦልቻ ለሚመላለስ |
| ሞላና አጭር ሾክ ኪት | 25–35 ሚ.ሜ | በሾኩ አካል ይወሰናል | አናት መያዣ፣ የካምበር ብሎን፣ አላይመንት | ከፍተኛ | በብዛት አስፋልት ለሚነዳ |
| ኮይልኦቨር | እንደተስተካከለው | በአሠራሩ ይወሰናል | የካምበር ማስተካከያ፣ ተደጋጋሚ አላይመንት፣ ጽዳት | ከሁሉ ከፍተኛ | ለመንከባከብ ጊዜ ላለው |
| የተቆረጠ ሞላ | ያልታወቀ | ያልታወቀ | — | ርካሽ | ለማንም አይስማማም |

ገንዘቡን እንዴት እናከፋፍል

ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ሁሉንም ለሾክና ለጎሚኒዎቹ አውሉ፤ ሞላ ቆይቶ ይደርሳል። አዲስ ሾክ ያለው ኦሪጅናል ከፍታ መኪና ኩርባ ላይ አሮጌ ሾክና አዲስ ሞላ ካለው ይሻላል፤ በዚህ አንጠራጠርም።

መካከለኛ በጀት ያለውና በሁለቱ ከተማ መሃል የሚመላለስ ሰው 20 ሚ.ሜ ዝቅ የሚያደርግ ሞላና አዲስ ሾክ አብሮ ቢወስድ የተሻለውን አገኘ። ከበጀቱ ግማሽ ያህሉ ለሾክ፣ ሩብ ለሞላ፣ የቀረው ለትናንሽ ዕቃ፣ ለጉልበትና ለአላይመንት ይሁን። ብዙ ሰው ለሞላው አሟጦ ከፍሎ አላይመንቱን «ሌላ ጊዜ» ይላል፤ ሌላ ጊዜ የተባለው ሁለት ላስቲክ ይዞ ይሄዳል።

በቂ ገንዘብ ያለው፣ መኪናውን ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚያወጣ፣ ኮይልኦቨር ይግዛ፤ ከፍታውን ግን ከኦሪጅናሉ ከ25 ሚ.ሜ በላይ አያውርደው።

ለመልክ ብቻ ለምትፈልጉ አንድ ሌላ ነገር አለ። ብዙዎች ሲያወርዱ ትልቅ ቸርኬና ቀጭን ላስቲክ አብረው ይገጥማሉ። 225/40 ላስቲክ (225 ስፋቱ በሚ.ሜ፣ 40 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ) ከቸርኬው እስከ መሬት 90 ሚ.ሜ ነው፤ 215/45 ደግሞ 97። በዚያው መኪና 205/55 ባለ 16 ኢንች ብትገጥሙ 113 ሚ.ሜ ታገኛላችሁ፣ የላስቲኩ ጠቅላላ ዲያሜትርም ከ215/45 ባለ 17ቱ የሚበልጠው በ7 ሚ.ሜ ገደማ ብቻ ነው። ቸርኬው ፍሬኑን እንደማይነካ አረጋግጡ እንጂ ዝቅ ያለ መኪና በዚህ ላስቲክ ጉድጓድ በብዙ ይችላል። ሞላ ዝቅ አድርጎ ላስቲክ ማቅጠን ሁለቱንም መከላከያ በአንድ ጊዜ መጣል ነው።

ሲገጠም መታየት ያለበት

ሞላ ማጨቂያውን በሁለት ጎን ትይዩ አድርጋችሁ ተራ በተራ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ። ሞላው ተጨምቆ ከመቀመጫው ልቅ ሳይሆን የሾኩን የአናት ዳዶ አትፍቱ፤ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው። ያንኑ ዳዶ ሲያስሩ በአየር መሣሪያ ማስሮጥ ዘንጉን በውስጡ ያሽከረክርና ማኅተሙን ያበላሻል፤ በእጅ ቁልፍ ይሁን። የሞላው ጫፍ በመቀመጫው ማረፊያ ላይ መግባቱን በዓይን እዩ። ከተገጠመ በኋላ እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ሞላውን በእጅ ስታንቀሳቅሱት መላላት የለበትም። የፍሬን ቱቦና የኤቢኤስ ሽቦ መሪ እስከ ዳር ሲዞር እንዳይወጠሩ ተመልከቱ።

የክንዶቹን ጎሚኒ የያዙ ብሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው መሬት ላይ ቆሞ ነው። ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው በተጠመዘዘ ሁኔታ ይታሰራል፣ መኪናው ሲወርድ ዘወትር ይጨነቃል፣ በአጭር ጊዜም ይቀደዳል። ብዙ ጋራዥ ይህን ይዘላል፤ ቆማችሁ አስደርጉ።

በአንዳንድ መኪኖች የኋላ ፍሬን ግፊት የሚቆጣጠር ቫልቭ ከአክስሉ ጋር በዘንግ ወይም በትንሽ ሞላ ተያይዞ ይገኛል። ሥራው መኪናው ሲጫን ለኋላው ፍሬን ተጨማሪ ግፊት መስጠት ነው። ኋላው በአዲስ ሞላ ሲወርድ ይህ ቫልቭ መኪናው የተጫነ ይመስለዋል፤ ባዶው መኪና ቁልቁለት ሲወርድ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይቆለፋሉ፣ ኋላውም ይዞራል። ለሐረጎ ቁልቁለት ከዚህ የከፋ ጉድለት የለም። መኪናችሁ ይህ ካለው ማያያዣው በአዲሱ ከፍታ ልክ መስተካከል አለበት። ያልተስተካከለ መኪና ወደ ኮምቦልቻ አይውረድ።

የፊት መብራቱንም አስተካክሉ። የፊቱና የኋላው ዝቅታ እኩል ካልሆነ የመብራቱ አቅጣጫ ይለወጣል፤ በጭጋግ ጊዜ ወደ ላይ የተነሳ መብራት መልሶ ዓይናችሁን ይመታል፣ የመጪውንም ሾፌር ያሳውራል።

አዲስ ሞላ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ይሰምጣል። በተገጠመበት ቀን ቶውን ቢያንስ በግምት አስይዙ፤ ሙሉውን አላይመንት ከ300 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ አሠሩ። ከመሠራቱ በፊት ቦል ጆይንትና የመሪ ዘንግ ጫፎች ላልተው እንደሆነ ይፈተሹ፤ ላልቶ የተስተካከለ አላይመንት በሳምንቱ ይጠፋል። ለመንገዳችን ከፊት ከአንድ ዲግሪ ተኩል ያልበለጠ ወደ ውስጥ ያጋደለ ካምበርና ፋብሪካው ለመኪናችሁ የጻፈው ቶ ይበቃል። ማሽኑ ያተመውን ወረቀት የበፊቱንም የኋላውንም ቁጥር የያዘውን ተቀበሉ፤ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ላስቲኩ በአንድ ጎን መበላት ከጀመረ የትኛው እግር እንደተንቀሳቀሰ የሚለየው በዚያ ነው።